ለተግባር ፈተና ድሪል ማሽን ፊት ስትቆሚ

ከወልድያ የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽ ደርሶናል። በማሽኒንግ (ብረትን በማሽን የመቅረጽ) ሙያ ሠልጥነሽ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ አልፈሻል፤ አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወርክሾፕ ለተግባር ፈተና ጠርቶሻል። በቋሚው ድሪል ማሽን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ላይ ቀዳዳ ታወጫለሽ ተብለሻል። ኮሌጅ እያለሽ አብዛኛውን ጊዜ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን) ላይ ስለነበርሽ ሰግተሻል። ሂጃብ መልበስሽም እንቅፋት ይሆን እንደሆነ ጠይቀሻል።

አብሽሪ፣ ቶርኖ የሠራ ሰው ድሪል አይከብደውም። ፈታኙ ግን ቀዳዳውን በካሊፐር ከመለካቱ በፊት እጅሽን ነው የሚያየው። ማብሪያውን እስክትጫኚ ድረስ የምታደርጊው ነገር ነጥቡን ግማሽ በግማሽ ይወስነዋል።

ከአለባበሱ እንጀምር። ሂጃብ በራሱ ችግር የለውም፤ ችግሩ የተንጠለጠለ ጫፍ ነው። ጭንቅላት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጠውን ልበሺ፣ ጫፉን ቱታው ውስጥ ክተቺና ቱታውን እስከ አንገትሽ ቆልፊው። ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ይውለቁ። ጓንት ደግሞ በፍጹም! ብዙ ጀማሪ ለጥንቃቄ ብሎ ጓንት አጥልቆ ይቀርባል። የሚሽከረከር ቢት (መብሻው) የጓንቱን ጨርቅ ከያዘ ጣትንም አብሮ ይጠመዝዛል፤ እጅ ለመንጠቅ ጊዜ አይሰጥም። መነጽር ግን የግድ ነው፣ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ።

ቀጥሎ ፍጥነት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመቁረጫ ፍጥነቱን (የቢቱ ጠርዝ በደቂቃ የሚሄደውን ሜትር) በ318 አባዢና ለቢቱ ዲያሜትር በሚሊ አካፍዪ። ለተራ ብረት በሃይ ስፒድ ቢት (ከተለመደው ጠንካራ የመቁረጫ ብረት በተሠራው) በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ያዢ። 10 ሚሊ ቢት ከሆነ 25 ሲባዛ በ318 ሲካፈል ለ10፣ በደቂቃ ወደ 800 ዙር ይመጣል። 6 ሚሊ ከሆነ 1300 ገደማ ነው። ማሽኑ ልክ ያንን ቁጥር ካልሰጠሽ ዝቅ ያለውን ምረጪ። ለአይዝጌ ብረት ከዚህ ግማሹን ያህል፣ ለአልሙኒየም ደግሞ ከእጥፍ በላይ መሄድ ይቻላል። ፍጥነቱ የሚለወጠው ቺንጊያውን (የሞተሩን ዙር ወደ ቢቱ የሚያደርሰውን ቀበቶ) በማዛወር ነው፤ ከማዛወርሽ በፊት ሶኬቱን ንቀዪ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ቺንጊያው ከሞተሩ ትንሽ ፑሊ (ቺንጊያ የሚዞርበት ክብ) ወደ ስፒንድሉ (ቢቱን ወደሚያዞረው ዘንግ) ትልቅ ፑሊ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ውስጥ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ እሱን ማየት ደግሞ አያሳፍርም፣ እንዲያውም ያስመሰግናል።

ቢቱን በቻኩ (በቢት መያዣው) ስትይዢ መንጋጋዎቹ ለስላሳውን ግንድ ብቻ ይንከሱ። ቻኩን በሦስቱም የቁልፍ ቀዳዳዎች እየተዘዋወርሽ አጥብቂ፣ ቁልፉንም ወዲያው አውጪ። ቻክ ላይ የተረሳ ቁልፍ ማሽኑ ሲነሳ ተስፈንጥሮ ፊት ይመታል፤ ፈታኞች አይናቸውን ከማይነቅሉባቸው ነገሮች አንዱም ይህ ነው።

አሁን ብረቱ። በእጅ ይዘሽ አትብሺ፣ ቁራጩ ትንሽ ቢሆንም። በሞርሳ (በብረት መያዣው) አጥብቀሽ፣ ሞርሳውን በብሎን ከጠረጴዛው ጋር እሰሪው። በብሎን ማሰር ካልተቻለ የሞርሳው ረጅም ጎን በማሽኑ ዓምድ ግራ በኩል ይደገፍ፤ ቢቱ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር ብረቱን ቢነጥቅ ግራው ጎን ወደ ኋላ ሄዶ ዓምዱን ይመታል እንጂ ወደ ሆድሽ አይመጣም። ቢቱ ሲወጣ ጠረጴዛውን ወይም ሞርሳውን እንዳይበሳም ከሥሩ ክፍት ቦታ ወይም እንጨት ይኑር። ጠረጴዛውን ከፍታውን አስተካክለሽ ስትጨርሺ መቆለፍ እንዳትረሺ።

ቀዳዳው የሚወጣበትን ምልክት በፓንች (በሹል መምቻ) በደንብ ምቺው፤ ያለዚያ ቢቱ ይንሸራተታል። ከ10 ወይም 12 ሚሊ በላይ ለሆነ ቀዳዳ ቀድመሽ በቀጭን ቢት ብሺ። ቀጭኑ ቢት ከትልቁ ቢት ጫፍ መሐል ውፍረት በጥቂቱ ብቻ ይብለጥ፤ ለ12 ሚሊ 3 ሚሊ ይበቃል። ከመጠን በላይ ካሰፋሽው ትልቁ ቢት ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙም ይሸረፋል።

ሲበሳ ዘይት ጨምሪ፣ በየመሐሉ ቢቱን እያነሳሽ ፍርፋሪውን አስወጪ። በእጅ አትንኪው፣ በአፍም አትንፊው፤ ማሽኑን አቁመሽ በብሩሽ ጥረጊ። ፍርፋሪው ከሁለቱም ጎን እኩል እየተጠቀለለ ከወጣ ቢቱ ደህና ነው። ከአንድ ጎን ብቻ ከወጣ አሳሳሉ ተዛብቷል፣ ቀዳዳውም ከልኩ ይሰፋል። ቢቱ ሲጮህና ጫፉ ሰማያዊ ሲሆን ፍጥነቱ በዝቷል ወይም ቢቱ ደንዟል፤ ጉልበት አትጨምሪ፣ አቁመሽ አጣሪ። ቀዳዳው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ግፊቱን ቀንሺ፤ ቢት የሚሰበረውና ብረት የሚነጠቀው በብዛት እዚያ ላይ ነው። ላሜራ (ስስ ብረት) ከሰጡሽ በተለይ ተጠንቀቂ፤ ከሥሩ እንጨት አድርገሽ አጥብቀሽ ካላሰርሽው ተነጥቆ እንደ ማራገቢያ ክንፍ ይሽከረከራል።

መብራት ቢጠፋስ? ወዲያው ማጥፊያውን ተጫኚና ቢቱን ወደ ላይ መልሺው። ሁሉም ማሽን መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማብሪያ አለው ማለት አይደለም።

በመሐል ጥያቄ ይጥሉብሻል። ለኤም 8 ጥርስ (8 ሚሊ ብሎን ለሚገባበት) ቀዳዳው ስንት ነው ካሉሽ 6.8፣ ለኤም 10 ደግሞ 8.5 ሚሊ ነው። እስከ ታች ዘልቆ ላልተበሳ ቀዳዳ ጥልቀት ስትወስኚ የቢቱ ሾጣጣ ጫፍ አይቆጠርም፤ በ118 ዲግሪ ለተሳለ ቢት ሾጣጣው የዲያሜትሩ 0.3 ያህል ነው፣ ለ10 ሚሊ 3 ሚሊ።

የቺንጊያው ክዳን ተነቅሎ ወይም የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው ተበላሽቶ ካገኘሽው በትሕትና ተናገሪ፦ «ይህ ሳይስተካከል ባልጀምር ይሻላል» በዪ። አንዳንዱ ፈታኝ ሆን ብሎ የሚያስቀምጠው ፈተና ሊሆን ይችላል። ባይሆንም፣ ይህን ስለተናገረ ሰው የሚያሰናብት ወርክሾፕ ከሆነ ሥራውን ባታገኚው ይሻልሻል። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም የጥገና ክፍል አላቸው፤ ደሴም የብረት ሥራ ቤቶች አይጠፉም።

ስትጨርሺ የቀዳዳውን ጠርዝ ስለት አንሺለት፣ ማሽኑን አጥፍተሽ ጠረጴዛውን ጥረጊ፣ ቢቱንም ወደ ቦታው መልሺ። ብረቱን ለፈታኙ ስታቀብዪው ፍርፋሪ ያልቀረበት መሆኑን አንዴ እይው።