ለሙት ልጆች ትምህርት የምልከው ገንዘብ ከአሥራት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዱባይ በሰው ቤት ሠርቼ የምኖር ነኝ። ታላቅ እኅቴ ካረፈች ወዲህ ሁለት ልጆቿ ደሴ ከእናታችን ጋር ናቸው፤ አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። ትልቋ ዘጠነኛ፣ ትንሹ አራተኛ ክፍል ነው። የሚማሩት እኔ በምልከው ነው። አሥራት ለብቻው ላውጣ ብል ለልጆቹ የሚደርሰው ይጎድላል፤ ለእነሱ የምልከው ከአሥራት ይቆጠርልኛል? ደግሞ አንድ ዘመዳችን «ልጆቹን በቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንልቀቅ፣ ብዙ ብር ይሰበሰባል» እያለ እናቴን ይወተውታል። ሌላው፣ ጎረቤታችን እናትና አባት የሌለው ልጅ አለ፤ ሙስሊም ነው። ለእኛዎቹ ደብተር ሲገዛ ለእሱም ቢገዛ ነውር አለው? ምክርዎን እጠብቃለሁ። እኅትዎ ከዱባይ።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ከአሥራቱ ልጀምር። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አሥራትና ምጽዋት ሁለት ናቸው። አሥራት ካገኘነው ከዐሥር አንዱን ለእግዚአብሔር ቤት የምናገባው ነው፤ «በቤቴ ውስጥ መብል እንዲሆን አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» የተባለው ለዚህ ነው (ሚል. 3፥10)። ምጽዋት ከቀሪው ዘጠኝ እጅ ይወጣል። ስለዚህ «የእኅቴን ልጆች ስለማስተምር አሥራት አይመለከተኝም» ብለሽ አትደምድሚ።

ይህን ብቻ ብዬ ባቆም ግን ኦሪትን ከግማሹ አንብቤልሽ መሄዴ ነው። በዘዳግም 14፥28-29 በሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት በአገሩ ደጅ እንዲቀመጥ፣ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱም መጥተው እንዲበሉና እንዲጠግቡ ታዝዟል። ወላጅ የሌለው ልጅ ከአሥራቱ ድርሻ ነበረው ማለት ነው። ጌታችንም «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው እያሉ እናትና አባታቸውን ከመጦር የሚሸሹትን ገሥጿል (ማር. 7፥11-13)። ቅዱስ ጳውሎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ከማያምን ይከፋል ብሏል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። የእኅትሽ ልጆች ደግሞ ቤተ ሰዎችሽ ናቸው። ልጆቹን ከትምህርት ገበታ አስነሥታችሁ አሥራት አምጡ የሚል ሥርዓት የለንም።

ምን ታድርጊ? ገቢሽንና ወጪሽን ሳትደብቂ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። አቅምሽን አይተው ከምን ያህል እንደምትጀምሪ የሚወስኑልሽ እሳቸው ናቸው፤ በሩቅ ሆኜ በጽሑፍ ቁጥር ልቆርጥልሽ አልችልም። ከዚህ ጋር እናትሽ ልጆቹን ይዘው የአጥቢያቸውን ሰበካ ጉባኤ ያነጋግሩ። ምግባረ ሠናይ (የበጎ አድራጎት) ክፍል ያላቸው አጥቢያዎች ሙት ልጆችን መዝግበው በመስከረም ደብተርና ልብስ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ የማጠናከሪያ ትምህርትም ያስተምራሉ። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ምእመናን አሥራት የሚያወጡት ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልናገር፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳይ እሱ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ሙት ልጅን ማስተማር ሲባል የሚታየው ደብተር፣ እስክሪብቶና ዩኒፎርም ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህንና ምገባውን ከተማው ይችላል፤ በሌላው አካባቢ ግን ብዙውን ጊዜ ገዢው ቤተሰብ ነው። ይሁንና ደብተር ተሟልቶለትም ከትምህርት የሚቀር ሙት ልጅ ሞልቷል። አያት ሲታመሙ ውሃ የምትቀዳው፣ ሊጥ የምታቦካው፣ ታናሿን የምታበላው ማን ናት? ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጅ ናት። ሰኞ ትቀራለች፣ ማክሰኞ አርፍዳ ትደርሳለች፣ ረቡዕ መምህሩ «ወላጅ አምጪ» ይላታል። ወላጅ የሌላት ልጅ ይህን ቃል ስትሰማ በሠላሳና በአርባ ተማሪ ፊት ምን እንደሚሰማት አስቢው። ወገባቸው የጎበጠ አያቷን ያን ዳገት ከማስወጣት ቀርቶ ማልቀስን ትመርጣለች። በወር ውስጥ ጥቂት ቀናት በሞዴስ እጦት ቤት የምትውልም አለች፤ አያቷን ለመጠየቅ ታፍራለች። አንቺ ሴት ነሽና በስልክ አንቺው ጠይቂያት።

ስለዚህ ከምትልኪው ላይ ለእናትሽ መድኃኒትና ለቤት አስቤዛ የሚሆነውን ለብቻ ቁረጪ። «እሱ ለትምህርት አይደለም» የሚልሽ ካለ የሙሴን ታሪክ አስታውሺው። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከውሃ ስታወጣ ወዲያው ቤተ መንግሥት አላስገባችውም። ለገዛ እናቱ ሰጥታ፣ ሞግዚቷ እናቱ መሆኗን ሳታውቅ፣ «ይህን ሕፃን ወስደሽ አጥቢልኝ፥ ዋጋሽንም እሰጥሻለሁ» አለች (ዘጸ. 2፥9)። በኋላ ወደ እርሷ ተመልሶ «የግብፆችን ጥበብ ሁሉ ተማረ» (ሐዋ. 7፥22)። ልጁ በወገኑ እቅፍ አደገ፤ ወጪውን የቻለችው ግን ሌላ ሴት ናት። እኔ ከሕፃናት ማሳደጊያ በፊት አያትንና አክስትን መርዳት ይቅደም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ማሳደጊያ ማንም ዘመድ ለሌለው ልጅ ነው።

ደግሞ ምጽዋቱ ሰዓቱን ይጠብቅ። በመስከረም የሚያስፈልግ ገንዘብ በኅዳር ቢደርስ ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ አፍሮ ከርሟል። የአንቺ ሥራ በኮንትራት ስለሆነ ከቻልሽ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያስቀረሽ በአያታቸው ሞግዚትነት በልጆቹ ስም የቁጠባ ደብተር አስከፍቺ። አሠሪሽ አንድ ቀን «በቃሽ» ቢሉሽ የትንሹ ትምህርት በዚያው ቀን መቋረጥ የለበትም። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሕፃናት በፈቃዳችን እንቀበላለን፣ የኢዮብን አብነት ይዘን አባት እንሆናቸዋለን ይላል፤ ከዚያም ፊደሉን፣ ለሚችለውም የእጅ ሙያውን እንዴት እንደሚማሩ ይዘረዝራል። እህል አቅርቦ ዝም አላለም። ትልቋ ልጅ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ ባይመጣላት እንኳ ሙያ እስክትይዝ ድረስ እርዳታሽ እንዳይቋረጥ ከአሁኑ አስቢበት።

ወደ ቪዲዮው ልምጣ። አይሆንም። ለዘመዳችሁም መምህሩ አይሆንም ብለዋል በይው። ጌታ ምጽዋትን በስውር አድርጉ ያለው (ማቴ. 6፥3-4) የሰጪው ነፍስ በከንቱ ውዳሴ እንዳትጎዳ ነው፤ እኔ ደግሞ የተቀባዩም ፊት እንዳይዋረድ እላለሁ። ያቺ ዘጠነኛ ክፍል ያለች ልጅ በማግሥቱ ክፍል ስትገባ ጓደኞቿ ሁሉ አይተዋታል። ቪዲዮው ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ስታገባም፣ ሥራ ስትቀጠርም ይከተላታል። እሷ ደግሞ ፈቅዳለች ማለት አይቻልም፤ የሚያበላትን ሰው «አልፈልግም» የሚል ልጅ የት አለ?

አባቶቻችን ድሀ ተማሪ ያስተማሩበትን መንገድ እይ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቷ ከሞሰቧ ቁራሽ ታወጣለች። አባትህ አለ? ሞቷል? ብላ አትመረምርም፤ ስሟንም አታስመዘግብም። ከዚያ ቁራሽ በልተው ቅኔ የዘረፉ፣ ድጓ የመሩ መምህራን ወጥተዋል፤ ከእነርሱም ወላጅ ያልነበራቸው ብዙዎች ናቸው።

በእኛ ዘመንም ወይዘሮ አበበች ጎበናን ታውቂያቸዋለሽ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ ሲሄዱ በረኃብ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። የእናንተው አገር ነው። ያገኟትን ሕፃን ከሌላ ልጅ ጋር ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። በስማቸው የተቋቋመው ማኅበር በኋላ ለብዙ ሺህ ልጆች ትምህርትና ሙያ አዳርሷል፤ እሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ሲጀምሩ በእጃቸው የነበሩት እንደ አንቺ ሁለት ልጆች ናቸው።

እርዳታ ካስፈለገ ሰበካ ጉባኤው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ዱባይ ያሉ የቅርብ እኅቶችሽም አሉ። ታማኝ የሆኑ ሦስትና አራት ሰዎች በየወሩ ቢያዋጡ የልጆቹን ስም እንኳ ሳያውቁ ማስተማር ይችላሉ። ያሰባሰበው ሰው ግን ደረሰኙን ያሳይ፤ በሙት ልጅ ስም ገንዘብ ሰብስቦ ማስቀረት በዘጸአት 22፥22-24 ላይ እጅግ የሚያስፈራ ፍርድ የተጻፈበት ነገር ነው።

ለጎረቤታችሁ ልጅ ደብተር መግዛት ነውር አለው ወይ ላልሽው፣ የለውም፤ ግዢለት። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ከማንሣቱ በፊት ሃይማኖቱን አልጠየቀም (ሉቃ. 10፥33-34)። ደሴ ያደግሽ ስለሆንሽ በመውሊድና በፋሲካ የተጠራራ ጎረቤት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ ደብተሩን ስትሰጡት ስለ ሃይማኖቱ አንሥታችሁ አታስጨንቁት። ደብተር ሰጥቶ ማተብ እሰር ማለት ምጽዋትም ስብከትም አይሆንም። ለሁለቱ ልጆች የገዛችሁትን ዓይነት ለእሱም ግዙለት፤ የርካሹን መርጣችሁ ለይታችሁ አትስጡት፤ ልጆች ይህን ወዲያው ያያሉ።

በዚህ ሳምንት ለንስሐ አባትሽ ደውዪላቸው። ለእናትሽም ስለ ቪዲዮው ሳይውል ሳያድር ንገሪያቸው፤ ዘመዳችሁ ሊቀርጽ ሲመጣ ብቻቸውን እምቢ ማለት ሊከብዳቸው ይችላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።