የማውቀው ሐኪም ከስምንት ቀን በኋላ፣ የማላውቀው ዛሬ፦ ጥያቄና መልስ

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ አብዛኞቹን ታካሚዎቼን ለዓመታት ተከታትያቸዋለሁ። «የለመድኩትን ሐኪም ልጠብቅ ወይስ ቶሎ የሚያየኝ ጋ ልሂድ?» የምትሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ የተደጋገሙትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአምስት ዓመት ልጄን ካተኮሳት ሁለት ቀን ሆነ። የምታውቃት ሐኪም ከስምንት ቀን በኋላ ኑ ብላናለች። ሌላ ቦታ ዛሬ እናያታለን አሉ።

መልስ፦ ዛሬውኑ ውሰጃት። ጆሮዋንና ጉሮሮዋን ለማየት፣ ደረቷን ለማዳመጥ ታሪኳን ከልደቷ ጀምሮ ማወቅ አያስፈልግም። ሕፃኑ ከሦስት ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰማ ማታም ቢሆን አይታደርም።

ጥያቄ፦ የደረት ሕመም ቢሆንስ?

መልስ፦ ደረት ጨምድዶ ሲይዝ፣ ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የጭንቅላት ደም ሥር የዘጋውን የደም ጓል የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እኔንም ደውላችሁ አትጠብቁኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚያውቁት ሐኪም ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? መተዋወቅ ደስ ይላል እንጂ ያድናል?

መልስ፦ ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነዋሪው በአንድ ጠቅላላ ሐኪም ስም ይመዘገባል፤ ስለዚህ ማን ከማን ጋር ስንት ዓመት እንደቆየ ይታወቃል። የ4.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መዝገብ ያየ ጥናት በ2022 ታትሟል። ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በድንገት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው በ28 በመቶ፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያቱን ቁርጥ አድርጎ አይናገርም፤ ሐኪም የሚቀያይር ሰው ኑሮውም ጤናውም የተለየ ሊሆን ይችላል። እኔን ያሳመነኝ ግን ልዩነቱ እንደ ቆይታው ዘመን ደረጃ በደረጃ እየሰፋ መሄዱ ነው።

ጥያቄ፦ የደም ግፊት አለብኝ። ጉልበቴን ሲያመኝ ቅርብ ያገኘሁት ክሊኒክ ገብቼ ማስታገሻ ተሰጠኝ። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አንዲት እናት አንድ ቀን ፌስታል ሙሉ መድኃኒት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉልኝ። እኔ የማውቃቸው ሁለቱን ብቻ ነው፦ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሁለቱም ለግፊት። ጉልበታቸውን ሲያማቸው አንዱ ሐኪም ዳይክሎፌናክ አዘዘ። እሱ ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ግፊታቸው ወጣ። ሁለተኛው ያየው የወጣውን ግፊት ነውና አምሎዲፒን ጨመረ። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፤ ሦስተኛው ያበጠውን እግር አይቶ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድ ሰጠ። ሦስቱም ሰነፎች አይደሉም፤ እያንዳንዱ ፊቱ የቀረበለትን አከመ። እሳቸውም «ሽንት እያመላለሰኝ እንቅልፍ አጣሁ» ብለው ነው የመጡት፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ፈልገው! ከእነዚያ ሁለት የግፊት መድኃኒቶች ጋር ዳይክሎፌናክ ሲደረብ ኩላሊትንም ይጎዳልና በመጀመሪያ ያስቆምኩት እሱን ነው። የቀሩትን ተጨማሪዎች በሳምንታት ውስጥ አንድ በአንድ አነሳን።

ስለዚህ ማስታገሻውን ገና ካልጀመሩት፣ የሰጡዎትን ስምና የግፊት መድኃኒትዎን ለሚያውቅዎ ሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ያሳዩ። ቆይቶ የሚመላለስ ሕመም፣ ብዙ መድኃኒት፣ «ምን እንደሆነ አልታወቀም» የተባለ ነገር ሲሆን ስምንት ቀን መጠበቅ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ማለትዎ ነው?

መልስ፦ እሱስ አይደለም። የምከታተላት አንዲት ሴት ሁሌ ይደክመኛል ትለኝ ነበር፤ የሥራ ጫና ነው እያልኩ እሸኛታለሁ። ፈቃድ በወጣሁበት ወር ተተክቶ የሠራው ወጣት ሐኪም ገና «ጤና ይስጥልኝ» ስትለው ድምፅሽ ሁሌም እንዲህ ጎርናና ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ እጢ ምርመራ አዘዘ፤ እጢዋ ሥራውን ቀንሶ ነበር፤ ድካሙም መጎርነኑም ከዚያ ነው። በየሦስት ወሩ ስለማያት ድምፅዋ ቀስ በቀስ ሲጎረንን ጆሮዬ ለምዶት ነበር። አሁን አንድ ሰው በአንድ ሕመም ሦስቴ ከተመላለሰብኝ ለባልደረባዬ አሳየዋለሁ። እናንተም «ሌላ ሐኪም ቢያየኝስ?» ብትሉ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ሐኪማችን ቤተሰቤን ሁሉ ያክማል። የአባላዘር ምርመራ ፈልጌ ማንገራገር ያዘኝ።

መልስ፦ የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ለአካለ መጠን ከደረስክ ለወላጅም አይነገርም። ካፈርክ ግን የማያውቅህ ጋ ሂድ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዋናው መመርመርህ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ሐኪሞቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ። ማንን ልልመድ?

መልስ፦ ካርድሽ ያለበትን ቦታ ልመጂ። ብዙ ጊዜ ነርሷ ከሐኪሞቹ ሁሉ በላይ ትቆያለች፤ ስሟን ያዢ። የክትትል ቀጠሮሽን ደግሞ ሳትወጪ አስይዢ። አዲስ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ፣ የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤትና የማይስማማሽን መድኃኒት ስም ይዘሽ ቅረቢ። ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ተሞክሮ የተቋረጠውን መድኃኒትና የተቋረጠበትን ምክንያት ነው። «ነጩ ክኒን» ብቻ ካልሽ አልተናገርሽም፤ ግማሹ ክኒን ነጭ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላ ጋ መታየቴን ሐኪሜ ቢሰማ ይቀየመኝ ይሆን?

መልስ፦ እኔን የሚያስቀይመኝ መደበቁ ነው። ሄደህ ታይተህ ከሆነ የጻፉልህን ወረቀት አምጣልኝ፤ ጽሑፉ ባይነበብም ከፋርማሲው ማሸጊያ ላይ አነበዋለሁ።