«ዕድሜ፦ 1»፤ ለውጭ ፌሎሺፕ ለምትዘጋጁ ሬዚደንቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዓመት የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም፣ «ዶክተር፣ የትኛውን ፌሎሺፕ ልሙላ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ውጭ አገር የሚሰጥ የሥልጠና ወይም የምርምር ዕድል ማለቷ ነው። ስልኳ ላይ ከቴሌግራም የሰበሰበቻቸው አሥራ ምናምን ማስታወቂያዎች አሉ፤ ሁሉም «ሙሉ ወጪው የተሸፈነ» ይላሉ። እኔም መልሼ ጠየቅኋት፦ «በዋርድሽ መዝገብ ላይ የስምንት ወር ሕፃን ዕድሜ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ልጅቷ ግራ ገባት፤ ስለ አሜሪካና ስለ እንግሊዝ ስትጠይቀኝ እኔ ስለ መዝገብ ማውራቴ ሳይገርማት አልቀረም።

ይህን ያስጠየቀኝ የአንድ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ፋይል ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ከፈረሙት አንዱ እኔ ስለሆንኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሬዚደንቱ የጥናት ርዕስ ኢንተሰሰፕሽን ነበር፤ አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ቀጣዩ ገብቶ የሚታነቅበት በሽታ። በብዛት ከአራት እስከ አሥር ወር ባሉ ሕፃናት ላይ ይታያል። በጊዜ ከደረሱ በአየር ወይም በጨው ውኃ ከታች ተገፍቶ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ ከዘገዩ አንጀቱ ይሞትና ተቆርጦ ይወጣል። ከደላንታ፣ ከወረኢሉ ወይም ከአፋር ወገን ሕፃኗን አዝላ የምትመጣ እናት ለምን እንደምትዘገይ ለናንተ አልነግርም። ርዕሱ እንግዲህ የኛው ነው፣ ውጭ ያሉትም ወደዱት። ሬዚደንቱ የአምስት ዓመት የኦፕሬሽን መዝገብ ወደ ኤክሰል ገልብጦ ለፌሎሺፕ አመለከተ፤ ተመርጦም እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ ደረሰ።

እዚያ ላይ ጠያቂዋ አንድ ቀላል ነገር አነሳች፦ «ከስድስት ወር በታች የሆኑት ስንት ናቸው?»

መልስ አልነበረውም። መዝገቡን የሚሞሉት ሰዎች ዓመት ያልሞላውን ሁሉ «1» ብለው ነበር የጻፉት። የሁለት ወሩም 1፣ የአሥራ አንድ ወሩም 1። ጥያቄው ደግሞ ወግ አልነበረም። ኢትዮጵያ የሕፃናትን ተቅማጥ የሚከላከለውን የሮታ ክትባት በ2006 ዓ.ም. ጀምራለች፤ የሚሰጠው በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ነው። በአንዳንድ አገሮች ክትባቱ ከዚህ በሽታ ጋር በመጠኑ መያያዙ ስለታየ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካ አገሮች ተጠንቶ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ጭማሪ አላገኘም። የሕፃኑን ዕድሜ በወር እንኳ ያልያዘ ጥናት ታዲያ እዚህ ክርክር ውስጥ ምን ይዞ ይገባል?

ፋይሉን ከዚያ በኋላ ስንፈትሸው ሌላም ወጣ። ተረኛዋ ነርስ «የገባበት ሰዓት 3፡00» ብላ ጽፋለች፤ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የሰመመን ወረቀቱ ላይ ያለው 11፡40 ግን የተቀዳው ከሞኒተሩ ሰዓት ነው። ኤክሰል ሁለቱን ቀንሶ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አለ፤ ሕፃኑ በእውነቱ የጠበቀው 2 ሰዓት ከ40 ነው። በየመስመሩ ስድስት ሰዓት አንዴ ይጨመራል፣ አንዴ ይቀነሳል። የጥናቱ ዋና ነገር ደግሞ መዘግየት ነበር!

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ስታስገቡ ኤክሰል የሚያየው የፈረንጆቹን ሁለተኛ ወር፣ ፌብሩዋሪን ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን 3ንም፣ ማለትም 3/13ን፣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ በትክክል አያነበውም። ጽሑፍ የሆነውን ሕዋስ አማካይ ሲያሰላ ዝም ብሎ ይዘለዋል። ስህተት አለ ብሎ አይጮህም፤ ችግሩ እሱ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ዕድሜን እስከ 28 ቀን በቀን፣ እስከ ሁለት ዓመት በወር፣ ከዚያ በላይ በዓመት ጻፉ፤ መለኪያው ራሱን የቻለ ዓምድ ይኑረው። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ አስገቡ፣ ወደ ፈረንጅ የሚቀየረው በኋላ በቀመር ነው፤ የመጀመሪያውን ግን አትሰርዙት። ከሰዓቱ ጎን «በኛ» ወይም «በሞኒተር» የሚል ምልክት ይኑር። ከየአሥሩ ካርድ አንዱን ሌላ ሰው እንደገና ያስገባና ሁለቱ ይነጻጸሩ። ካርድ ቁጥሩና ስሙ ለብቻው በተቆለፈ ፋይል ይቀመጥ፤ ለውጭ ሰው የሚላከው ስም የሌለው ነው፣ እሱም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከፈቀደና የመረጃ ልውውጥ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በከተማችን በደሴ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የምትፈልጉት ካርድ ላይገኝ ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ካርድ ለማጥናት ስታስቡ፣ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ካርድ ክፍል ገብታችሁ ሃያ ካርድ አስወጡ። ከሃያው ስንቱ እንደተገኘና ስንቱ ሙሉ እንደሆነ ካላያችሁ የናሙና ስሌታችሁ ምኞት ነው።

ወደፊት የሚሰበሰብ ጥናት ከሆነ ደግሞ ስልክ። የቀዶ ሕክምና ቁስል መመርቀዝ የሚቆጠረው እስከ 30ኛው ቀን ነው፤ በአምስተኛው ቀን ወደ መካነ ሰላም የሄደን ሕፃን በ30ኛው ቀን የት ታገኙታላችሁ? አንድ ስልክ አይበቃም። የእናቲቱን፣ የአባትየውን፣ የጎረቤት ወይም የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሦስት ቁጥር ተቀበሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም እዚያው ደውላችሁ መጥራቱን ስሙ። ለስልክ ካርድ የሚወጣውን ገንዘብ በጀት ላይ አስገቡ፤ እኛ ጋ ሰው እንደ ነውር እየቆጠረው ከኪሱ ያወጣል።

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተሩን ከኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ፣ መዝገብ መሙላት ግን የኢንተርን ሥራ ይመስላችኋል። የማመልከቻ ደብዳቤያችሁንም ማሽን እንደሚጽፍላችሁ ይታወቃል፤ አሥሩን ብታነቡ አሥሩም «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብለው ይነሳሉ። የዋርዳችሁ አልጋ ስንት እንደሆነና ማታ ማን ሰመመን እንደሚሰጥ ማሽኑ አያውቅም። መራጮቹ የሚፈልጉት ግን ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ በሮቹ። የምርምር ፌሎሺፕ ቢላዋ አያስጨብጥም። አሜሪካ በጄ1 የሪሰርች ስኮላር ቪዛ የሄደ ሐኪም ዳታ ላይ ይሠራል እንጂ በሽተኛ አያክምም፤ ለማከም ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን የሚመዝነው የአሜሪካ ተቋም፣ የኢሲኤፍኤምጂ፣ ሰርተፊኬትና ሌላ ዓይነት ስፖንሰር ያስፈልጋል። እንግሊዝ በሜዲካል ትሬኒንግ ኢኒሼቲቭ በኩል እያከሙ እስከ 24 ወር መሠልጠን ይቻላል፣ ምርምር ግን አይደለም። ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ የእንግሊዝ ቪዛ የቲቢ ምርመራ ስላለ ጊዜ ያዙለት። ቼቭኒንግ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሲሆን የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከዚያም አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት አለ። ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ አትድከሙ፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። በየዓመቱ የሚሞላ ግን አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሬዚደንሲያችሁን ጨርሱ ባይ ነኝ። እንዲህ ስል ደግሞ ዳአድ የተባለው የጀርመን ስኮላርሺፕ ሰጪ ተቋም በልማት ነክ ፕሮግራሞቹ የመጨረሻ ዲግሪው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ አመልካች እንደሚፈልግ ትዝ ይለኛል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅም ያስከፍላል ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱን አስታርቁ።

በመሃል ያለ በር አለ፤ በብዙ አገር በአንድ ጊዜ የሚሠራ ጥናት ውስጥ በመረጃ ሰብሳቢነት መግባት። በ2021 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውና ሕፃናት ይዘዋቸው በሚወለዱ የሆድ ዕቃ ችግሮች ላይ የተሠራው ጥናት ከ74 አገሮች 264 ሆስፒታሎችን አሳትፏል። ሞቱ በድሃ አገሮች 39.8 በመቶ፣ በሀብታሞቹ 5.6 በመቶ ነበር። ያንን ቁጥር የፈጠረው እንደናንተ ዱቲ (ተረኛ) ላይ ሆኖ ቅጽ የሞላ ሰው ነው፣ ስሙም በተባባሪነት ተመዝግቧል። የማን ስም የት ቦታ እንደሚገባ ግን ሥራው ሳይጀመር በኢሜይል ተስማሙ፤ በቃል የተባለው ሲታተም ይረሳል።

ወረቀቱን ባጭሩ። ስፖንሰራችሁ ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ዩኒቨርሲቲ፣ የፈረማችሁትን ውል አውጥታችሁ የአገልግሎት ግዴታችሁን አንብቡ። ኮስት ሼሪንግ ሳይጠናቀቅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም። ስማችሁ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በታተመ ጽሑፍ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ስድስት ሳምንት ስጡን፤ «ራስህ ጽፈህ አምጣና ልፈርም» የሚላችሁ ሲኒየር ካለ ሌላ ፈልጉ። አብሽሩ፣ አይጠፋም።

ልጅቷ ወረቀቷን ስታሳየኝ ማመልከቻው የሚዘጋው በኒውዮርክ 5፡00 ፒኤም ነው ይላል። ይህ በነሱ በጋ ለኛ ሌሊት 6፡00 ነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱበት ክረምት ደግሞ ሌሊት 7፡00። ያን ሰዓት ወይ ዱቲ ላይ ናችሁ ወይ ኔትወርክ የለም። ከሁለት ቀን በፊት፣ በቀን ላኩት።