የመርከበኛ ሩም አዳማ ላይ ለምትፈልገው ወንድሜ

"አጎቴ ምፅዋ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው፤ ለ70ኛ ዓመታቸው የድሮ መርከበኛ ወዝ ያለው ሩም ልግዛላቸው፣ አዳማ ላይ የቱን ትመክሩኛላችሁ?" ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ለታላቅ ወንድሜ ይህንኑ፣ ከሸንኮራ የሚወጣውን ኃይለኛ መጠጥ ፍለጋ ከተማውን ዞሬዋለሁ። እሱም ንግድ መርከብ ላይ፣ ማሽን ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ጭንቀትህ በደንብ ይገባኛል።

1. የፊቱን ሥዕል እርሳው። መርከቡ፣ መልህቁ፣ የራስ ቅሉ፣ ጢማሙ ካፒቴን ሁሉ ወረቀት ነው። ጠርሙሱን አዙረህ ጀርባውን አንብብ። የት አገር እንደወጣ፣ አልኮሉ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ ምን እንደተጨመረበት እይ።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በምክንያት ነው። መሀል ከተማ አንድ የመጠጥ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ባለ መርከብ ጠርሙስ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አቆመልኝ። ላዞረው እጄን ስዘረጋ "ካልገዛህ አትንካ!" አለኝ። እሺ አንተው አንብብልኝ ስለው ስልኩን መነካካት ጀመረ። "ከጅቡቲ የገባ ኦሪጅናል ነው፣ የባሕር ኃይል ሩም ማለት ይሄ ነው" ብሎ በእናቱ ማለለኝ። የበዓል ዋዜማ ነበር፤ ወንድሜም ማታ ይመጣል። ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ 35 ፐርሰንት፣ ስፓይስድ (ቅመም የገባበት)፣ ቫኒላ ይላል። "ሩም" ብሎ እንኳን አልጻፈም፤ "ስፒሪት ድሪንክ"፣ እንዲያው "የአልኮል መጠጥ" እንደማለት ነው የሚለው። በአውሮፓ ሕግ ከ37.5 ፐርሰንት በታች የሆነ መጠጥ ሩም ተብሎ አይሸጥም።

በማግስቱ ሳልከፍተው መለስኩለት። ጣቱን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ጽሑፍ ቀሰረ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" ሰው ሁሉ እየሰማ "ሩም ጠጥተህ ታውቃለህ ለመሆኑ?" አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቅመም የገባበትን መጠጥ የሚወድ ሰው ይጠጣው፣ ችግር የለውም። ግን በመርከበኞች ስም ሌላ ነገር መሸጥ ነውር ነው።

2. አገሩን ምረጥ። የመርከበኛ ሩም የሚባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ድሮ ለመርከበኞቹ ያድለው የነበረው ነው፤ እሱም የአንድ አገር አልነበረም። የጋያና፣ የጃማይካ፣ የትሪኒዳድና የባርባዶስ ሩም ይደባለቅ ነበር። ለእኔ ዋናው የጋያናው ነው። እዚያ ደመራራ ወንዝ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ፖርት ሞራንት የሚባል፣ በእንጨት የተሠራ የድሮ የመጠጥ ማንጠሪያ ዛሬም ይሠራል። ከሱ የሚወጣው ሩም ከባድ ነው፤ ሞላሰስ ሞላሰስ (የስኳር ዝቃጭ) ይሸታል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ በሚፈጭበት ሰሞን በዚያ በኩል ያለፈ የአዳማ ልጅ ይህን ሽታ ያውቀዋል። የጃማይካው ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ አንዳንዱ ጥንስሱን ረጅም ጊዜ ያቆየዋል፤ ሲወጣ በጣም የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ነጩንና ቀለል ያለውን ሩም ለኮክቴል ተወው።

3. ፐርሰንቱ። ዛሬ "ኔቪ ስትሬንግዝ" (የባሕር ኃይል ጥንካሬ) የሚባለው 57 ነው። መርከብ ላይ ይታደል የነበረው ግን 54.5 ነበር። በዚህ መጠን ፐሰርስ ገንፓውደር ፕሩፍ የሚባል አለ። ስሚዝ ኤንድ ክሮስ ደግሞ 57 ነው፣ የጃማይካ። ዉድስም 57 ነው፣ የጋያና። እንዲህ ያለ ኃይለኛ መጠጥ አጎትህን የሚከብዳቸው ከሆነ የጋያናው ኤል ዶራዶ፣ ባለ 12 ዓመቱ፣ ለስለስ ይላል። እኔ እነዚህን አዳማ መደርደሪያ ላይ አላየኋቸውም። የአክስቴ ልጅ ከለንደን ስትመጣ ስሙን ጽፌ ላኩላትና ፐሰርሱን ይዛልኝ መጣች። አንተም የሚመጣ ዘመድ ካለህ እንደኔ አድርግ፤ ስሙን ከነፐርሰንቱ ጻፍለት። ወንድሜ ገና ክዳኑ ሲከፈት አሽትቶ "ይሄንን ማን ነገረህ?" አለኝ። እንዴት እንደኮራሁ!

4. ጥቁር ስለሆነ አሮጌ ነው የሚልህን አትስማ። ብዙ ጊዜ ጥቁረቱ የካራሜል ቀለም ነው። አዳማ ላይ ከገዛህ ደግሞ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትውሰድ። የኛን ሙቀት ታውቀዋለህ። መጠጡ አንገቱ ድረስ መሙላቱን፣ ክዳኑ አለመነካቱን እይ። ሻጩ ለማየት ከከለከለህ ውጣ። ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

5. አቀራረቡም ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1740 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው አድሚራል ቬርኖን መርከበኛው ሩሙን ደረቁን እየጠጣ ስላስቸገረው፣ አንዱን እጅ ሩም በአራት እጅ ውኃ እንዲበጠብጡት አዘዘ። ግሮግ የሚባለው ይሄ ነው። በኋላ ስኳርና ሎሚ ገባበት። 54.5ቱ እንዲህ ሲበጠበጥ ወደ 11 ፐርሰንት ይወርዳል፤ ሽማግሌም ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ውኃው ለብ ይበል፣ ስኳሩ ቡናማው ይሁን፣ የኛኑ ትንሿን ሎሚ ጭመቅበት። ለአጎትህ መጀመሪያ ግን ደረቁን ትንሽ ቅዳላቸው። 57 ፐርሰንት በጣም ኃይለኛ ነው፤ ለወጉ አንድ ጉንጭ ይበቃል።

እየቀዳህላቸውም ይህን አጫውታቸው፦ እንግሊዞች በየቀኑ የሚያድሉትን ሩም ያቆሙት እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1970 ነው። በዚያ ቀን አንዳንድ መርከበኞች እንደ ሐዘንተኛ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ነበር። ወንድሜ ይህን ስነግረው የራሱን የመርከብ ታሪክ ጀመረ፤ እስከ እኩለ ሌሊት አላቆመም። አጎትህም የምፅዋውን ያወሩሃል። ስልክህን አዘጋጅተህ ቅዳቸው።

ብቻ እባክህ በኮካ በጥብጠህ እንዳትሰጣቸው። ሱቅ ውስጥ ሆነህ ካጠራጠረህ ደግሞ የጠርሙሱን ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው። ሳትከፍል በፊት አነብልሃለሁ።