ልጆቼን ከትምህርት ቤት ላውጣቸው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። በእኛ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅርና ስለ ጾታ መለወጥ ለልጆች በሚነበቡ መጻሕፍት ምክንያት የተነሣውን ጭቅጭቅ ሳትሰሙ አትቀሩም፤ እኔም ከሌሎች ወላጆች ጋር ሰልፍ ወጥቼ ነበር። አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እናት ልጆቿን ከትምህርት ቤት አውጥታ ቤቷ ታስተምራለች። «ክርስቲያን ነኝ የምትል እናት ልጇን ለመንግሥት አሳልፋ አትሰጥም» ካለችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለባለቤቴ ስነግረው «አንቺን ራስሽን እንግሊዝኛ ማን ያስተምርሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ባላወጣቸው ኃጢአት ይሆንብኛል? ባወጣቸውስ እችለዋለሁ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተኚ። ኃጢአት አይደለም።

ጓደኛሽ የምታደርገው ነገር መልካም ሊሆን ይችላል፤ የተናገረችሽ ነገር ግን ትክክል አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ቀጰዶቅያ የነበረውን የቅዱስ ባስልዮስን ቤተሰብ ተመልከቺ። ታላቅ እኅቱን ቅድስት ማክሪናን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ እዚያው ቤት፣ በመዝሙረ ዳዊትና በመጽሐፈ ጥበብ። ባስልዮስ ግን ከአባቱ ጥቂት ከተማረ በኋላ ቂሳርያ፣ ቀጥሎ ቁስጥንጥንያ፣ በመጨረሻም አቴና ድረስ ሄዶ ክርስቲያን ካልሆኑ መምህራን እግር ሥር ተቀምጧል። ሁለቱም ከአንድ ቤት ወጥተው ሁለቱም ቅዱሳን ተባሉ። ጢሞቴዎስም አባቱ ግሪካዊ ነበር፤ እምነቱ ግን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ የመጣ እንደ ሆነ ጳውሎስ ይመሰክርለታል።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ወላጅን የሚያዝዘው ቃሉን ለልጆቹ እንዲያስተምር ነው፤ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም» ይላል። ሂሳብና ሳይንስ የት ይማሩ የሚለውን ለአንቺ ትቶልሻል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ባስ በር ላይ መጣም አልመጣም ትእዛዙ ያው ነው። ልጆቹን ቤት አስቀርተሽ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ፊት ብትተዪአቸው (እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ ሞልቷል፣ አንዋሽ) ትእዛዙን አልፈጸምሽም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ላንሣ። ወላጆቻችን እኮ ልጃቸውን ለየኔታ አስረክበው ነው የሚሄዱት። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል፤ አባቱ ምናልባት ፊደል እንኳ አይለይም። ማንም «ልጅህን አሳልፈህ ሰጠህ» አላለውም። ግን ልጁ ማታ ሲመለስ አያቱ ስትጸልይ ያያል፣ በጾም እቤት የሚበላው ይለወጣል፣ ማኅበር ሲወጣ ጠላ ይቀዳል፣ ጎረቤት ሳይቀር ይቆጣዋል፣ የክርስትና አባቱ ሲያገኘው «ደገምክ?» ይለዋል። ማስተማሩን መንደሩ ሁሉ ይሳተፍበት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያ መንደር የለሽም፤ አንቺና ባልሽ ናችሁ ያላችሁት፣ እሱም በተለያየ ሺፍት። የጭንቀትሽ ሥር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የሚያሳስበው ከትምህርት ቤት በኋላ ያለው ባዶ ሰዓት ነው።

ሰልፍ ወደ ወጣሽበት ጉዳይ ልምጣ። የካውንቲሽ ወላጆች ያቀረቡት ክስ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ተወስኗል። ዋናው ክርክር እልባት እስኪያገኝ ድረስ ትምህርት ቤቶቹ እነዚያን መጻሕፍት ከማንበባቸው በፊት ለከሳሾቹ ወላጆች እንዲያሳውቁና ልጆቻቸው ከክፍል እንዲወጡ እንዲፈቅዱ ታዟል። ልጆችሽን ለማውጣት ያሰብሽው በዚህ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቅጂውንም አስቀሪ። አንድ ደብዳቤ የሚፈታውን ነገር ኑሮ በመገልበጥ አትፍቺው።

«አይ፣ እኔ ቤት ማስተማር ነው የምፈልገው» ካልሽ ደግሞ ሕጉ አይከለክልሽም። ሆምስኩል በ50ውም የአሜሪካ ስቴቶች የተፈቀደ ነው። በሜሪላንድ ከመጀመርሽ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብለሽ ለካውንቲው የማሳወቂያ ፎርም ታስገቢያለሽ። እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ማስተማር አለብሽ። የልጆቹን ሥራ በፎልደር እየሰበሰብሽ ትይዣለሽ፤ የካውንቲው ሰው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያየው ይችላል። በካውንቲው ፈንታ በስቴቱ የተመዘገበ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እንዲከታተልሽም መምረጥ ትችያለሽ። ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው፦ ሜሪላንድ የወላጅን ዲፕሎማ አይጠይቅም። የእንግሊዝኛ ፈተናም የለም። መሳቁን ይተው።

ግን እህቴ፣ መቼ ልትተኚ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ ሠርተሽ ጠዋት ለ7 ዓመት ልጅ ንባብ፣ ለ11 ዓመቷ ደግሞ ክፍልፋይና ሳይንስ ልታስተምሪ? ትንሹን ምናልባት። ትልቋ ግን በቅርቡ አልጀብራ ትጀምራለች፤ ያኔ የተዘጋጀ ካሪኩለም መግዛት ወይም ከሌሎች ሆምስኩል ከሚያደርጉ እናቶች ጋር ተራ መግባት ሊኖርብሽ ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሺፍቴ ሳይቀየር ልጆቼን አላወጣም። በጣም ከጓጓሽ በክረምቱ እረፍት ሞክሪው፤ ያለ ምንም ፎርም ራስሽን ታዪበታለሽ።

እስከዚያው ሥራ ከመግባትሽ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ያዥያት። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለወላጆች የመከረው ቀላል ዘዴ አለ። የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ለልጁ ማታ ማታ ንገሩት፣ ሌላ ቀን ድገሙለት፣ ከዚያ «አንተ ንገረኝ» በሉት ይላል። በቤተ ክርስቲያን ያው ታሪክ ሲነበብ ልጁ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ደስ ይለዋል። በአማርኛ ንገሪያቸው፤ በእንግሊዝኛ ቢመልሱልሽም አትቆጪ፣ ቀጥዪ። ባለቤትሽም ቢሆን ኡበር ሰዓቱን የሚመርጠው እሱ ነው። አንቺ በሌለሽበት ማታ አንድ ምዕራፍ አንብቦ አብሯቸው መጸለይ አያቅተውም። ኤፌሶን 6፥4 «እናንተም አባቶች ሆይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እናት ብቻዋን ስትሮጥ አባት ከሶፋ ላይ የሚፈርድበት ቤት በጣም በዝቷልና ይህን ክፍል አብራችሁ ብታነቡት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው። እዚህስ ልጅን ቤት ማስተማር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፣ አትሞክሩት። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ አለበት፤ በሃይማኖት ምክንያት እንኳ ቤት ማስቀረት አይፈቀድም። በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006ም በ2019ም የተከራከሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ተረትተዋል። የሁለተኛው ቤተሰብ ልጆች በ2013 ለሦስት ሳምንት ያህል ከወላጆቻቸው ተወስደው ነበር። በሌላ በኩል ግን በአብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሃይማኖት ትምህርት በሕገ መንግሥቱ መሠረት መደበኛ ትምህርት ነው፤ ልጁ ይግባ አይግባ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ምን እየተማረ እንደ ሆነ ደብተሩን ገልጣችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። የ9 ዓመት ልጄን እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አደርሰዋለሁ፣ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው «አባዬ፣ እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» አለኝ። «ዝም በል፣ እንዲህ አይባልም» አልኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለህም። ልጁ የጠየቀው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በሰፊው የጻፉበትን ጥያቄ ነው። «ማንም አልፈጠረውም፣ ሁሉን የፈጠረው እሱ ነው፣ መጀመሪያ የለውም» በለው። መዝሙር 89ን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 90 ነው) አውጣና ተራሮች ሳይወለዱ እሱ እንደ ነበረ የሚናገረውን ራሱ ያንብብልህ። ቀጥሎ የሚያመጣው ጥያቄ ከአንተ በላይ ከሆነ «አላውቀውም፣ አብረን እንጠይቅ» ማለት ነውር የለውም፤ ለንስሐ አባታችሁም አቅርቡት። «ዝም በል» የተባለ ልጅ የሚቀጥለውን ጥያቄ ለስልኩ ነው የሚያቀርበው። እሑድ ስታደርሰውም በር ላይ አውርደኸው አትሂድ። ግባና ከመምህሩ ጋር ተዋወቅ፣ በዚህ ሳምንት ምን ሊያስተምራቸው እንደ ሆነም ጠይቀው።