ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «ለፒያሳ ሱቆች የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም እሠራለሁ፤ ሌላው በግማሽ ዋጋ ገባብኝ። እኔም ልቀንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ያለ እነሱ አይሠሩም ነበር። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፤ የዚያ ዘመን ፎንት ደግሞ ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዘ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፍለው በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀመጡት፤ ሁሉም በየራሱ አደላደል። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ይሆናል። ደንበኛውን አስሮ ያቆየው ይኸው ነበር።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ) ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው። በ2007 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ወጣ፤ እንደ አቢሲኒካ ያሉ ነፃ ፎንቶችም ተገኙ። በነፃ ከሚታደል ነገር ጋር በዋጋ መፎካከር አይቻልም።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። በየአሳታሚውና በየመሥሪያ ቤቱ የዓመታት ጽሑፍ በአሮጌው አደላደል ተከማችቶ ነበር። ወደ ዩኒኮድ መለወጡ ከባድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፊደል የሚያስቀምጥበት አንዱ ቁጥር በአንዱ ፎንት «ለ» ቢሆን በሌላው ሌላ ፊደል ነው፤ መሀል ላይ እንግሊዝኛም አለ። ለዋጩ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ሐረግ የፎንት ስም እያነበበ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳየውን ትክክለኛ ሰንጠረዥ መምረጥ አለበት። የፎንቱ ስም ከጠፋ ደግሞ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ዓይን ያስፈልጋል። ሰንጠረዡ በሠሪዎቹ እጅ ነበር። ዋና ሸቀጣቸው መሆን የነበረበት ያ የመለወጥ ሥራ ነው።

የእናንተም የስቶክ መዝገብ እንደዚያ ፎንት ነው፤ ኦዱና ኢአርፒኔክስት የተባሉት የንግድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች በነፃ የሚወርድ እትም አላቸው። ክፍያውን ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንዱን ዕቃ በሦስት ስም የመዘገበ ኤክሴል አጥርቶ ማስገባት ሥራ ነው፤ ለብቻው ይከፈልበት። ሰኔ 30 ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነጋዴው የሚፈልገው ስልክ የሚያነሳለት ሰው ነው። የዛሬ ልጆች ገጹን ስታሳምሩ ታድራላችሁ፣ ስልክ ማንሳት ግን ትጠላላችሁ፤ ይህን አልወድላችሁም። የዓመቱን የድጋፍ ውል ግንቦት ላይ አስፈርሙ፤ ሰኔ ከገባ ነጋዴው ጊዜ የለውም።

ፕሮግራማችሁ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ በዶላር ከሆነ ውሉ ላይ የዋጋ ማሻሻያ አንቀጽ ይኑር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 1,150 ብር ገደማ የነበረው የ20 ዶላር ኪራይ በሳምንታት ውስጥ 2,000 ብር አለፈ። በብር ቋሚ ዋጋ የተዋዋለ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል።

አትቀንሱ እያልኩ አንድ ቦታ ግን እኔም እቀንስ ነበር፤ በአንድ ሕንፃ ላይ ጎን ለጎን ላሉ ሱቆች። አንድ ጉዞ ለአምስት ደንበኛ ይበቃል፤ የድጋፍ ወጪው ለአምስቱ ይካፈላል።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ግማሽ ዋጋ የሚል ሲመጣብህ ሁለት ወረቀት አቅርብለት። በአንደኛው ፕሮግራሙ ብቻ፤ በሁለተኛው ዕቃ ማስገባቱ፣ ሥልጠናው፣ የሰኔው መዝጊያና በየሳምንቱ የዳታ ቅጂ ማስቀመጡ፣ ሁሉም ዋጋው በየፊቱ ተጽፎ። ይምረጥ።