«ጫና ተደረገብኝ» ወይስ «ተገደድኩ»?

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ «ከፍተኛ ጫና ስለተደረገብኝ ሰነዱን ፈርሜአለሁ» የሚል የአቤቱታ ረቂቅ ጽፎ እንዳነብለት ሰጠኝ። እኔ «ተገድጄ ፈረምኩ» ቢል ይሻላል አልኩት፤ እሱ ግን ሁለቱ ያው ናቸው ብሎ ተከራከረኝ። በጫና፣ በተጽዕኖ፣ በግፊትና በማስገደድ መካከል ልዩነት አለ? ካለስ የትኛው ለእሱ ይስማማዋል?

መልስ፦ ልዩነት አለ፤ አቤቱታ ላይ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ጫና» የተገኘው «ጫነ» ከሚለው ግስ ነው። አጋሰስ ሲጫን ክብደቱ ከላይ ያርፍበታል፤ ጭነቱም በመጫኛ ስለሚጠፈር እንስሳው መንገዱን ሁሉ ተሸክሞት ይሄዳል። ቃሉ ወደ ሰው ኑሮ ሲዛወርም ይህን ክብደትና ይህን ቆይታ ይዞ ነው የመጣው፤ ጫና «ይበዛል»፣ «ይከብዳል»፣ «ይቀላል» የምንለው ለዚህ ነው። (በዚህም ምክንያት ከ«ከፍተኛ ጫና» ይልቅ «ከባድ ጫና» የሚለውን እመርጣለሁ።) ጫና የግድ ጫኝ አያስፈልገውም፤ «የሥራ ጫና በዛብኝ» የሚል ሰው ማንንም መክሰሱ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጫና ያለበት ሰው እምቢታው ብዙ ነገር ቢያሳጣውም እንኳ እምቢ የማለት ዕድሉ ገና በእጁ ነው።

«ተጽዕኖ» የጫና የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱም የሚወለዱት «ጸዐነ» ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ አማርኛ «ጸሐፈ»ን «ጻፈ» እንዳደረገው ሁሉ የጉሮሮውን ድምፅ ጥሎ፣ «ጸ»ንም ወደ «ጨ» አዙሮ «ጫነ» አለው፤ «ተጽዕኖ» ግን የግእዝ መልኩን እንደያዘ ቀረ። በጸሎቱ «ጸ» እና በዐይኑ «ዐ» መጻፉም ከሥሩ ጋር የሚስማማ ነው። በአገባብ ግን ዘመዳሞቹ ተለያይተዋል። «መልካም ተጽዕኖ» ስንል ማንም አይገረምም፤ «መልካም ጫናን» ግን ጆሮ አይቀበለውም።

«ግፊት» የሚመጣው ከኋላ ነው፣ አቅጣጫም አለው። «በጓደኞቹ ግፊት» ሲባል የሚቀጥለው ጥያቄ «ወዴት?» ወይም «ምን እንዲያደርግ?» የሚል ነው። «ገፋ» እና «ግፍ» ከአንድ ሥር መውጣታቸው ቢያስደንቅም፣ ግፊት በራሱ በደል አይደለም፤ ሰውን ወደ በጎ ሥራም ይገፋል።

«ማስገደድ» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ምክንያቱም ፈቃድን ያስቀራል። ልዩነቱን ለመለየት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። «ጫና አደረጉብኝ፤ እኔ ግን አልፈረምኩም» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንከን የለውም። «አስገደዱኝ፤ እኔ ግን አልፈረምኩም» የሚለው ግን ጆሮ ይጎረብጣል፣ «ሊያስገድዱኝ ሞከሩ» ተብሎ ካልታረመ በቀር። ማስገደድ የተፈጸመ ነገር ነው፤ አስገዳጅም አለው።

እንግዲህ ባልደረባዎ የደረሰበትን ነገር በእነዚህ ቃላት ይመዝነው። ደጋግመው ጠርተውት፣ ለምነውትና አሰልችተውት ከሆነ የፈረመው «ጫና» ትክክለኛ ቃል ነው፤ ከዚያ አልፎ «አስገደዱኝ» ቢል ያልሆነውን ይጨምራል። ዝተውበት፣ ሌላ መውጫ አሳጥተውት ከሆነ ግን «ጫና» የደረሰበትን በደል ያሳንስበታል፤ ይህ ደግሞ እንዲሆንበት አልፈልግም። «ተደረገብኝ» የሚለው ግስም ሌላ ችግር አለው፤ አድራጊውን ይሰውራል፣ አቤቱታውን የሚያነበውም ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው አድራጊውን ነው። የእርስዎም «ተገድጄ» ከዚህ አያመልጥም። ነገሩ በዛቻ የተፈጸመ ከሆነ እንዲህ ብሎ ቢጽፈው ይሻላል፦ «የክፍሉ ኃላፊ ካልፈረምኩ ከሥራ እንደሚያሰናብቱኝ በመዛት ሰነዱን አስገድደው አስፈርመውኛል።»